ከል ያልሆነ ጥቁር

ገላና እኛ ብሎክ የገባ ሰሞን ለቅሶ ደረስነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁም ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አየሁት፤ ሸሚዙ ጥቁር፣ ሱሪው ጥቁር፣ ጫማው ጥቁር፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ጸጉሩ ማበጠሪያ ካየ ዓመት ያለፈው። «ይሄ ልጅ ሰው ሞቶበታል» ብዬ ለዕድራችን ሊቀመንበር ለጋሽ አባይነህ ነገርኩ። ንፍሮውንም የቀቀልኩት እኔው ነኝ።

ዘጠኝ ሆነን ገባን። ወንበር ስላልነበረው ካርቶን ላይ ተቀመጥን። እኛ እንደ ደንቡ ዝም አልን፤ እሱም ጨዋ ነውና ዝም አለ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አዲስ ጎረቤት የሚቀበሉት እንዲህ ይሆናል ብሎ ንፍሮውን ይቅማል።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ ጋሽ አባይነህ በመጨረሻ። «ማን ነው ያረፈው?»

«ኧረ ማንም አላረፈም።»

«ታዲያ ጥቁሩ?»

«ሥራዬ ነው። ሄቪ ሜታል ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታሪስት ነኝ።»

«ጊታር ለመጫወት ከል ይለበሳል?»

«የኛን ዓይነት ለመጫወት ይለበሳል።»

ንፍሮው እንዳይባክን ጨርሰን ወጣን።

ይኸው አራት ዓመት ጎረቤት ሆንን። ቀስ እያልኩ ታሪኩን አወጣጣሁት። ቀበና ወንዝ ዳር ተከራይቶ ሳለ በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው የጀመረው፤ አሁን አርባ ሦስት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አልበም የለ፣ ክሊፕ የለ። አንዴ ቴሌቪዥን ቀርቦ ገና ጊታሩን ሲነካ የሳሙና ማስታወቂያ አስገቡበት። እኔም ደረጃ ላይ ሳገኘው «ሳሙናው ግን ጥሩ ነበር» እለዋለሁ። ቀን ቀን መሪ ሰፈር ሄዶ ስፒከር ይጠግናል። ሲመሽ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ በሄድፎን ይለማመዳል። እኔ ከግድግዳው ማዶ ስለምኖር፣ ጣቱ ክሮቹ ላይ ሲራወጥ ጥር ጥር ሲል ብቻ ይሰማኛል፤ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ የምትሄድ ነው የሚመስለው።

ያለፈው ግንቦት ታላቅ እህቱ ጂቱ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ይዛ ቤቴ መጣች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ ለገላና ሥራ አገኘሁለት» አለች። «ትልቅ ሆቴል ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ የወር ደመወዝ። ለስለስ ያለ ነገር እየተጫወተ እንግዳው እራቱን ይበላል። ጸጉሩን ይቆረጥ፣ ነጭ ይልበስ፣ ባንዱን ይተው ብለዋል። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።»

«እሱ እሺ ይላል?»

«እኔን መቼ ይሰማኛል! ሽማግሌ ሲገባበት ግን እምቢ ማለት አያውቅም። ከል አስወልቁልኝ።»

ሳቄ መጣ። ኀዘንተኛ ጊዜው ሲሞላ ሽማግሌ ሄዶ ጥቁሩን ያስወልቀዋል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ሰው ሳይሞት ከል ማስወለቅ ግን ሰምቼም አላውቅ። ሆኖም የልጁ ነገር ያሳዝነኝ ነበርና ጃኬትህን ልጠግን ብዬ ልኩን ወሰድኩ። ሸሚዙን ሰፋሁ። እንዲህ ያለ ኮሌታ ሰፍቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ገባን። ጋሽ አባይነህ ሸሚዙን በፌስታል ይዘው ቆመው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ኀዘን ልክ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ለማንም ጥቁር አልለበሰም። ይብቃህ።»

«ፈርምና ሰው ሁን!» አለች ጂቱ። «አልበም የለህ፣ ሚስት የለህ። ድራመርህ እንኳ አግብቶ ሱቅ ከፍቷል!»

ገላና ፌስታሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የጃኬቱ ነገር ገባው። አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሽ አባይነህ፣ ስጫወት ሰምተውኝ ያውቃሉ?»

«እኔ? የት ብዬ?»

«አልሰሙኝም። ያልሰሙትን ነገር ሊቀብሩልኝ መጡ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «ነገ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ እንጫወታለን። ሦስታችሁም ኑ። ሸሚዙንም ይዛችሁ ኑ።»

«ከዚያ ትለብሰዋለህ?» አለች ጂቱ።

«ኑ ነው ያልኩት።»

እሁድ ሦስት ታክሲ ቀያይረን እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሀል አንድ ገላጣ ቦታ ጄኔሬተር ይንተከተካል፤ መድረኩ የጭነት መኪና ጀርባ ነው። ድራመሩ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ስልሳ የሚሆኑ ወጣቶች ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ጋሽ አባይነህ ይሄን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁና አጠገባቸው ላለችው ልጅ «እግዜር ያጽናችሁ» አሏት። «አሜን አባባ» አለች፤ አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

ከዚያ ጀመሩ።

እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ ቁልቁለቱን ሲወርድ ነው የመሰለኝ። መሬቱ በጫማዬ በኩል ይነዝረኛል። ጂቱ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ገላና ግን እግሩን ከፍቶ ቆሞ፣ ጸጉሩ ፊቱን ሸፍኖት፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ብቻውን ወጣ። ጣቶቹን ሳይ ነው ያወቅኩት፤ ያ አራት ዓመት ሙሉ ከግድግዳዬ ማዶ ጥር ጥር ሲል የነበረው ነገር ይሄ ነው። ዶሮ አልነበረም። ዜማውን ሳላውቀው ለምጄው ኖሯል፤ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ሁሉ አውቅ ነበር።

መሀል ላይ ማይኩን ያዘ። «ከል ሊያስወልቁኝ የመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ይሄኛው ለእነሱ ነው» አለ። ስልሳውም ዞሮ እኛን አየ። የምገባበት ጠፋኝ። ያንን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ አስረዝሞ፣ ከሁሉም አብልጦ ጮክ አድርጎ ተጫወተው። ጂቱ አንዱን እጇን ከጆሮዋ አወረደች። አንዱን ብቻ።

ሲጨርስ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ጊታሩን እንዳነገተ ፊታችን ቆመ። ላቡ ከጺሙ ይንጠባጠባል። ጋሽ አባይነህ ሸሚዙን ከፌስታሉ አውጥተው ዘረጉለት። ገላና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጨዋ ነው አላልኳችሁም? ከዚያ ፊቱን ጠረገበት። አንገቱን ጠረገበት። ቀጥሎም የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች ወለወለበት። ኮሌታዬ ጭቃ መሰለ።

«ጥሩ ጥጥ ነው እትዬ» አለኝ።

«ያ ገላና!» ጮኸች ጂቱ፣ በኦሮምኛ ስትጠራው። «ለሆቴሉ ምን ልበላቸው?»

«እንግዳው እራቱን አስቀምጦ ካልሰማኝ አልጫወትም በያቸው።»

«ትራባለህ!»

«ስፒከር እጠግናለሁ። ጸጉሬን ግን አልቆረጥም፣ ባንዱንም አልተውም። ድጋሚ ሽማግሌ ከላክሽ መድረክ ላይ ነው የማስቀምጣቸው።»

ጂቱ ወደ ጋሽ አባይነህ ዞረች። እሳቸው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ ምንም አልገባኝም» አሉ። «ያልገባኝን ደግሞ አላስወልቅም።» ታክሲ ውስጥ እስክንወርድ ጆሯቸውን ሲኮረኩሩ ነበር።

ጂቱ ሦስት ሳምንት አኩርፋ ተመለሰች። ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ሸሚዙን እኔ ይዤው መጣሁ። ሁለቴ አጠብኩት፤ የጊታሩ ክር ዝገት አልለቅ አለ። እንደዚያ ያለ ስፌት አይጣልማ! ጥቁር ቀለም ገዝቼ በሳፋ ዘፈዘፍኩትና በረንዳዬ ላይ አሰጣሁት። ጋሽ አባይነህ ከታች ሲያልፉ ጠብታው ባርኔጣቸው ላይ አረፈ። ቀና አሉ።

«ሰርክአዲስ! ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አልኳቸው፣ እስከ አምስተኛ ፎቅ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።