የእሁድ ዋና

ኒሉፈር ልጇን ታሂያን እሁድ እሁድ የምታደርሳት ማስጠኛ ቤት ነበር። ሰፈሯ ሚንቶ ላሉት ቤንጋሊዎች ግን «ዋና እየተማረች ነው» ትላለች። ጎበዝ ጎበዙን ለይቶ የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈተናውን የሚሰጠው ግንቦት ላይ ነው። ልጅቷ ካለፈች አገር ይስማ፤ ከወደቀች ግን መፈተኗንም ማንም ማወቅ የለበትም። በዚያ ላይ የሰው ዓይን አለ።

ከማስጠኛ ቤቱ ሲወጡ መኪና ማቆሚያው ላይ የታሂያን ጸጉር በጠርሙስ ውሃ ታርሰዋለች። ቤት ስትደርስ ፎጣ ነክራ በረንዳ ላይ ታሰጣለች፤ የመዋኛ ገንዳ እንዲሸትም ጠብ ጠብ አድርጋ በረኪና ትጨምርበታለች። ባሏ ሻፊቅ አንድ ቀን ፎጣውን አሸተተና፣ «ለዚህ ሁሉ ልፋት የምሯን ዋና ብታስተምሪያት አይቀልሽም ነበር?» አላት።

«ክፍልፋዩን አንተ ልታስተምርልኝ ነው?» አለችው።

ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ። የካቲት ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት አንድ ቅዳሜ፣ የማኅበራቸው ሽርሽር መዋኛ ገንዳ ዳር ሆነ። ኒሉፈር ቢሪያኒውን፣ የሥጋ ሩዙን፣ እያወጣች ሳለ ጎረቤቷ እትዬ ዲልሩባ መጡ። የእሳቸው ልጅ ኢሽራቅ ከታሂያ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው።

«በልጆቹ የዋና ውድድር ታሂያና ኢሽራቅ ይወዳደራሉ፤ አስመዝግቤያቸዋለሁ» አሉ።

«ዛሬስ ጆሮዋን አሟታል፣ እትዬ።»

«ዓመት ተኩል ውሃ የለመደ ጆሮ? ተይ እስኪ።»

ኒሉፈር ዞር ስትል ታሂያ ለማሳመኛ የተገዛላትን፣ ገንዳ አይቶ የማያውቀውን የዋና ልብስ ለብሳ ጠርዙ ላይ ቆማለች። ሮጣ ደረሰችባት።

«ነይ ወዲህ» አለቻት፣ ጥርሷን ነክሳ።

«አንቺው አይደለሽ ‹ትችላለች› ያልሽው?» አለች ታሂያ።

ፊሽካው ተነፋ። ኢሽራቅ ተወርውሮ ገባ። ታሂያ ዘለለችና ጠፋች። ብቅ ስትል በሁለት እጇ ውሃውን ትደበድባለች።

«አውጧት! ዋና አትችልም!» ብላ ጮኸች ኒሉፈር። «እሁድ እሁድ የምትሄደው ማስጠኛ ቤት ነው!»

ኢሽራቅ ተመልሶ ብብቷን ይዞ አቆማት። ውሃው ለካ ደረቷ ድረስ ነበር። ገንዳው ዳር ግን ቢሪያኒ የጎረሰው ሁሉ ማኘኩን አቁሟል።

እትዬ ዲልሩባ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ዋና አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ጸጉሯስ?»

«እኔ ነኝ የማረጥበው።»

«እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ?» አሉ ዲልሩባ። «ይቺ ልጅ ዋና ስትል እየዋለች ሒሳብ የምትደፍነው ምን ብታገኝ ነው አልኩ። ውሃው አእምሮ ቢከፍት ነው አልኩ። ኢሽራቅን በሳምንት አራት ቀን ዋና አስገባሁት። ይኸው ከእኩዮቹ የሚደርስበት ጠፋ። ክፍልፋይ ሲያይ ግን ያለቅሳል።»

ሻፊቅ ፊቱን ወደ ቢሪያኒው ድስት አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለች ኒሉፈር። «ብትወድቅ መሳቂያ እንዳልሆን ፈርቼ ነው።»

«ይቅርታውን በኋላ እሰማለሁ። ማስጠኛው የት ነው?»

ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ጥቂት ልጅ ነው፤ ኢሽራቅ ከገባ የታሂያ ቦታ ሊሆን የሚችለው ሄደ ማለት ነው። ኒሉፈር ሌላ ሰፈር መጥራት አያቅታትም፤ ስሙ እንኳ ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ቀና ስትል ኢሽራቅ የልጇን አገጭ በመዳፉ ደግፎ ሲያንሳፍፋት አየች። «አትገታተሪ፣ ይዤሻለሁ» ይላታል።

«ካምቤልታውን» አለች። «ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ነገ ጠዋት ኢሽራቅን በእኔ መኪና እወስደዋለሁ።»

«ለፈተናው ሦስት ወር ነው የቀረው። ይደርሳል?»

«እንጃ፣ እትዬ። የእኔዋንም እንጃ።»

ዲልሩባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው ሳህን ይዛ የቆመች ሌላ እናት ጠጋ አለችና፣ «መኪናሽ ስንት ሰው ይይዛል?» ብላ ጠየቀች።