ያልሸተተው ማሽላ

አዳዳ ሉባባ፣ የአባቴ እህት፣ አይሆንም ማለት አታውቅም። ቸርነቷ ያበሽቀኛል። ሰው እንዴት የራሱን ጓዳ ሳያይ ለመንደር ይሞታል?

እኔ እዚህ ጭሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሻጋታ ጋር ነው የምውለው። የኒም ቅጠል ቀቅዬ ውሃውን ከብር ጨው ጋር አዋህደዋለሁ፤ ብር ስል የገንዘቡን ሳይሆን የጌጡን ነው። ብሩ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ይሆናል። ሻጋታ እህል የሚበላው ኢንዛይም እያመነጨ ነው። ብሩ በበቂ መጠን ካገኘው ያ ኢንዛይም ይሽመደመዳል።

አዳዳ በምትኖርበት ቦኬ ደግሞ ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። የአዳዳ እህል በየዓመቱ እየሻገተ ስላስቸገራት፣ የጉድጓዷን ግድግዳ እንድትቀባበት ከዚሁ ውህድ አንድ ጄሪካን ላክሁላት። «ለሙከራ ነው፤ እህሉን እኔ ሳልመረምረው ማንም እንዳይቀምሰው» አልኳት። «እሺ የኔ ልጅ» አለች። ልጄ ፈይሩዝ ለክረምት እረፍት እሷ ዘንድ ስትሄድም ይህንኑ ለአዳዳ ደግሜ ነገርኳት።

ዛሬ ጠዋት የማሽላው ናሙና በሚኒባስ ደረሰኝ። ንጹህ ነው፣ ጠረን የሚባል የለውም። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመረምረው ግን ኢንዛይሙ ምንም ካልተቀባ ጉድጓድ ከወጣ እህል በልጦ ተገኘ። ጉበት የሚጎዳው የሻጋታው መርዝም እንደዚያው። ሻጋታው ቀለሙንና ሽታውን ጥሎ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ ከርሟል። ወዲያው ደወልኩ።

«አዳዳ፣ ጄሪካኑን እንዳለ ነው የቀባሽው?»

«እንዴት እንዳለ? ጎረቤት እያየኝ ለብቻዬ ልቀባ? ውሃ ጨምሬበት ለሁሉም አዳረስኩት። አላህ በረካ አደረገበት።»

ያኔ ገባኝ። የቀጠነው ብር ሻጋታውን አልገደለውም፤ ነካክቶ አስቆጣው።

«ጉድጓዶቹን ዝጉ። ማንም እንዳይበላ።»

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ብላ ሳቀች። «ከፍተን አናፈስነው፣ ሽማግሌዎቹ በእፍኝ እየዘገኑ አሸተቱት። አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ እህል አይተን አናውቅም። መንደሩ በሙሉ ካለፈው ጁምዓ ጀምሮ እየበላ ነው።»

ልጠይቃት ፈራሁ።

«ፈይሩዝስ?»

«እሷማ ሆዷን ትንሽ አሟታል፤ ዓይኗም ቢጫ ቢጫ ብሏል። አይዞሽ፣ ሌላ ምግብ አላስነካኋትም። ለሆዷ እንዲለሰልስ ከዚሁ ማሽላ ገንፎ እየሠራሁ ነው የማበላት። አሁን ራሱ እያጎረስኳት ነው የማወራሽ።»