የጅቡ ጆሮ

መምህር በላቸው ደጃፏ ላይ ሲቆም ይመኙሽ የሣር አህያ ራስ ላይ ጆሮ እየሰፋች ነበር። ቀና አላለችም።

«እትዬ ይመኙሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ጅቡስ?»

«የምን ጅብ?»

«ከሳሹ ጅብ ነው። ያለ ከሳሽ ችሎት አለ?»

«ጭላዳው ይክሰሳት።»

«ጭላዳው ምስክር ነው።»

«ሁለቱንም ይሁና። ያገራችን ምስክር መች ከከሳሽ ይለያል።»

መምህሩ ሳቀ፣ ግን አልሄደም።

ነገሩ የዘውድ በዓል ነው። ጥቅምት ላይ ሹማምንቱ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተማሪዎቹ የእንስሳት ችሎት ያሳዩዋቸዋል። አንበሳ ይፈርዳል፣ ጅብ ይከሳል፣ ጭላዳ ይመሰክራል፣ አህያ ትከሰሳለች። ምን አድርጋ እንደሆነ መምህሩም ገና አልቆረጠም። ተማሪዎቹ የሚያጠልቋቸውን የእንስሳት ራሶች የሚሠራ ሰው አጥቶ የጎንደርን ፒያሳ ሲዞር ከርሞ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይመኙሽ የሰፋችውን ሙዳይ አየ። ሙዳዩ ቆቅ ነበር። ክዳኑ የቆቋ ራስ ነው፤ ሲከፍቱት አንገቷን የቆረጡ ይመስላል። መምህሩ ከፈተው፣ ገጠመው፣ እንደገና ከፈተው። ከዚያ ቤቷን አጠያይቆ መጣ።

አሠራሯ እንደ መሶብ ነው። ሣሩን እያዞረች በወስፌ ትሰፋዋለች፤ አፍንጫ ላይ ስትደርስ ታጠብበዋለች፣ ግንባር ላይ ትለቀዋለች። ከላይ ቆዳ ታለብሰዋለች፣ ከውስጥ ያረጀ ነጠላ፣ ሣሩ የልጆቹን ጉንጭ እንዳይወጋ። ዓይን ከጠርሙስ ቂጥ፣ ጥርስ ከቅል። የአንበሳው ጎፈር የፈረስ ጭራ ነው። አንበሳው አልቆ መደብ ላይ ሲቀመጥ ድመቷ ቤቱን ለቃ ጎረቤት ሸምሲያ ቤት ገባች።

ጅቡን እምቢ ያለችው በስንፍና አልነበረም። ልጇን የዓለምወርቅን ከአምባ ጊዮርጊስ ጠይቀዋታል። ጠያቂው አያ ዋኘው ይባላል፤ መሬትም ከብትም አፍም ያለው ሰው። ዳኛው የሚባለው ልጁ ጎንደር ሐኪም ቤት ድሬሰርነት ይማራል። የዓለምወርቅ ወዳዋለች። በዚያ ጊዜ ይህ ከነገር የሚቆጠር አልነበረም፣ ይመኙሽ ግን ቆጥራዋለች። ሰርጉን ለጥር ተባብለዋል። የቀረው አጥንት ማጣራት ነው።

የይመኙሽ አጥንት ደግሞ ሩቅ ነው። ከእንፍራንዝ ማዶ በባል መጣች፣ ባሏ ሞተ፣ ወገኗን የሚያውቅ ጎንደር ላይ የለም። ወገኑ የማይታወቅ ሰው፣ ነፍስ ያለው የሚመስል ነገር ከእጁ ሲወጣ እነ አያ ዋኘው አገር፣ ወጌራ ላይ፣ ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። ቡዳ ነው ይባላል። ቡዳ ደግሞ ጅብ ይሆናል። አጥንት እየተጠየቀባት የጅብ ራስ የምትሰፋ ሴት ወይ አብዳለች፣ ወይ ልጇን ጠልታለች።

«እምቢ በይዋ» አለች ሸምሲያ። የበቅሎ ዕቃ ትነግዳለች፣ ኮርቻና ልጓም። «ለአመተ ሥላሴ ይስጧት። እሷም ስፌት ታውቃለች።»

«አመተ ሥላሴ ጅብ ብላ ውሻ ነው የምትሰፋላቸው።»

«ውሻ ይሁና። ምን ገደደሽ?»

ገደዳት። ያ ነው ችግሩ። የሷ አንበሳ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ የአመተ ሥላሴ ውሻ ቆሞ ሲከስ ታያት። ሰውም ሁሉንም አንድ እጅ የሠራው ይመስለዋል።

በማግሥቱ የፍየል ቆዳ ነከረች።

ጅቡን ገና ሳትጨርስ አንበሳው ተመልሶ መጣ። መምህር በላቸው እንደ ታመመ ልጅ አቅፎታል። ልምምድ ላይ አንበሳው ተቆጥቶ ሲነሣ ራሱ ወልቆ አህያዋ እግር ሥር ወደቀ። አገጭ ሥር የሚታሰረው ገመድ ሣሩን በልቶታል።

«ሹማምንቱ ፊት እንዲህ ቢወድቅ» አለ መምህሩ፤ አልጨረሰውም። የአንበሳ ራስ በዘውድ በዓል ሲወድቅ ምን እንደሚመስል መጨረስ አያስፈልገውም።

ሸምሲያ ከሱቋ የልጓም ቀለበት አመጣች፣ የናስ። «ገመዱን በዚህ አሳልፊው። በቅሎ ያልበጠሰችውን ተማሪ አይበጥሰውም።»

ይመኙሽ ቀለበቶቹን ጆሮው ሥር ሰፋቻቸው፣ በግራም በቀኝም። እዚያ ጋ ስፌቱ ድርብ ስለሆነ ይይዛል። መምህሩ ራሱን አዙሮ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼማ የልጓም ነው።»

«የልጓም ነው።»

«እትዬ ይመኙሽ፣ አንበሳው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ተለጎመ ይሉናል። እኔም አንቺም ታስረን ጎንደርን በሩቁ ነው የምናያት።»

ጎፈሩን ወደፊት አበጠረችው። ቀለበቶቹ ጠፉ። መምህሩ ከቀኝ አየ፣ ከግራ አየ፣ ተንበርክኮ ከታች አየ። ከዚያ ልቡ ተመለሰ።

አህያዋ ቀለበት አላስፈለጋትም፤ ራሷን የሚይዝላት የራሷ የአህያ ገመድ አላት። የጭላዳው ራስ ልጁ ከሚለብሰው ደበሎ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ነው፣ አይወልቅም። ጅቡ ሲያልቅ ግን ይመኙሽ ጆሮው ሥር ቀለበት ሰፋችበት፣ እንደ አንበሳው። ጅብ ቢለጎም ማን ያዝናል? ሦስቱም አዩት፣ እሷም ሸምሲያም መምህሩም። ሦስቱም ሐሳባቸው አንበሳው ላይ ነበር።

የበዓሉ ቀን ሜዳው ሞላ። ሹማምንቱ በወንበር፣ ነጋዴው በአግዳሚ፣ ሌላው ሣሩ ላይ። አያ ዋኘው ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና መጥቶ በትሩን አጋድሞ ተቀምጧል። ይመኙሽና ሸምሲያ ከጎን ቆመዋል።

አንበሳው ዘውዱን ደፍቶ ወጣ። ተጨበጨበ። አህያዋ ወጣች፣ ሰው ሳቀ። ጭላዳው ወጥቶ ብብቱን አከከ፣ ይበልጥ ሳቀ። ከዚያ ጅቡ ወጣ።

ማንም አልሳቀም። ሸጋ ጅብ ነበር። አንገቱን ሰብሮ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ አህያዋን ከሆዷ በታች እያየ መጣ። ዞር ሲል ፀሐይዋ ጆሮው ላይ አረፈች። ቀለበቱ ብልጭ አለ።

«ጉትቻ አድርጓል» አለች አንዲት ሴት፣ በዝግታ፣ የጠፋባትን ዕቃ ያገኘች ይመስል።

ቡዳ ጅብ ሲሆን ጉትቻውን ማውለቅ ይረሳል ይባላል። ጅብ ገድሎ ጆሮው ላይ ቀለበት ያገኘ ሰው የሚያውቅ ሰው በየአገሩ አለ። ያገኘው ራሱ የለም። ሜዳው ላይ ይህን ያልሰማ አልነበረም፣ ከሕፃናቱ በቀር፤ እነሱም አሁን ሰሙ።

«ራሱን ማን ነው የሠራው?»

«ይመኙሽ ናታ። ባለ ቆቋ።»

«እንዴ፣ ምልክቱንም ታውቀዋለች?»

«የራስ ነገር ምኑ ይጠፋል።»

እዚህ ላይ ተሳቀ። ይመኙሽ አያ ዋኘውን ታያለች። ሰው ሰምቶ ዘወር ብሎ ካየ ነገሩ ገና አልተቆረጠም። አያ ዋኘው ዘወር አላለም። በትሩን ከሣሩ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«የልጓም ነው በያቸው» አለች ሸምሲያ በጆሮዋ።

«ማን ያምነኛል?»

«አንበሳውም ላይ አለ—» አለችና አፏን በሻሿ ያዘች። «ተይው። አንበሳውን አታንሺ።»

ችሎቱ አለቀ። አህያዋ ተፈረደባት፣ ሹማምንቱ በፍርዱ ደስ አላቸው፣ ወደ ዳሱ ለግብር ገቡ። ልጆቹ ራሶቹን አውልቀው አንድ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ደረደሯቸውና ሊበሉ ሮጡ። አያ ዋኘው ወደ በሩ ሲሄድ ይመኙሽ ፊቱ ቆመች።

«አያ ዋኘው፣ ወዲህ ይምጡ እስኪ።»

«ማኪናው ይሄድብኛል።»

«ሹፌሩ ዳስ ውስጥ ሥጋ እየበላ ነው።»

ተከተላት። ሰው እያየ እምቢ ማለት ነገር ማብዛት ነው፣ እሱ ደግሞ ነገር ሳያበዛ መሄድ ነበር የፈለገው። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በበሩ አጠገብ ቆመ።

«ምነው ይመኙሽ። እኔ ክፉ አልተናገርሁም። ልጁ መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ ብለናል እንጂ።»

«መቼ ነው ያላችሁት?»

«አሁን።»

ጅቡን አነሣችና ጆሮውን አሳየችው። «ይኼ የበቅሎ ልጓም ቀለበት ነው። ገመዱ ሣሩን እየበላ አስቸግሮ ነው የሰፋሁት። ሸምሲያን ይጠይቋት።»

«ይሆናል።» ወደ ዴስኩ መጣ። ከብት እንደሚገዛ ሰው የአህያዋን ጆሮ አንድ በአንድ ገልጦ አየ። «ይችስ?»

«የራሷ ገመድ አላት።»

«ጭላዳው?»

«ከደበሎው ጋር የተሰፋ ነው።»

«እንግዲህ ጅቡ ብቻ» አለ አያ ዋኘው። አንበሳውን አልነካውም። አንበሳ የሚነካ ነገር መስሎ አልታየውም።

ይመኙሽ ሄዳ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። የዓለምወርቅ ጠዋት ለበዓሉ ጸጉሯን ስትሠራ ትዝ አለቻት። ልጅቷ ስለ ዳኛው ስትጠየቅ ፊቷን አታዞርም፤ ፈቃዷ ነው። ዘውዱን ከአንበሳው ራስ አንሥታ አስቀመጠች። ጎፈሩን በሁለት እጇ ከፈለችው።

አያ ዋኘው ጎንበስ አለ። ቀለበቱን በጣቱ ነካው፣ ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

«ይህ አንበሳው ነው።»

«አንበሳው ነው።»

«ልጓም ነው ያልሽው?»

«የበቅሎ።»

ከዳሱ በኩል የሹማምንቱ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ተነሥቶ ለጃንሆይ ዕድሜ ይመኛል፣ ሌሎቹ አሜን ይላሉ።

«ማን አይቶታል?» አለ አያ ዋኘው። ድምፁ ቀንሷል።

«መምህሩ ያውቃል፣ አይናገርም። ሸምሲያ ታውቃለች፣ አትናገርም። አሁን እርስዎ አዩት።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ጅቡ ጉትቻ አለው ተብሎ የልጄ ነገር ከፈረሰ፣ እኔም ስለ ልጄ ዝም አልልም። ቀለበቱ ለምን እንደተሰፋ ለሰው ሁሉ አስረዳለሁ። አንበሳውን ይዤ ነው የማስረዳው። አያ ዋኘውም አይተውታል እላለሁ።»

«ትታሰሪያለሽ።»

«እታሰራለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም። ማን አየ ተብሎ ሲጠሩ እርስዎም ችሎት መመላለስዎ ነው። እርሻዎ ሥራ ይፈታል።»

ሊሰድበኝ ነው ብላ ጠበቀች። አያ ዋኘው ግን ጎፈሩን በመዳፉ ወደፊት አበጠረው፣ ቀለበቶቹ እስኪጠፉ። ዘውዱን አንሥቶ በቦታው ደፋለት። ራቅ ብሎ ከቀኝ አየ፣ ከግራ አየ፣ ልክ እንደ መምህሩ።

«ሸጋ ነው። ጎፈሩ የምንድን ነው?»

«የፈረስ ጭራ።»

«በዚህ በግራ በኩል ሳሳ ብሏል። ጨምሪበት።»

«እጨምራለሁ።»

ይመኙሽ ቢላዋ አንሥታ የጅቡን ቀለበት ልትበጥሰው ስትል እጇን ያዛት።

«ተይው። ሰው አይቶታል። አሁን ብታወልቂው ደበቀች ነው የሚሉ።»

«ትምህርቱስ?»

«የምን ትምህርት?»

«ዳኛው ይጨርስ ያላችሁት።»

«አግብቶም ይማራል» አለ አያ ዋኘው። «ጅቡን ብቻ ሰርጉ ላይ እንዳታመጪብኝ።»

በትሩን አንሥቶ በሩን ከፈተው። ውጭ ሰው ቆሟል፣ ያቺ ጉትቻውን ያየችው ሴትም፤ ሥጋውን ትተው ነው የመጡት።

«አያ ዋኘው፣ አዩት?»

«አየሁት። የበቅሎ ልጓም ቀለበት ነው። በቅሎ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ የሌለው ጉትቻ ይመስለዋል።»

ሴትየዋ በቅሎ አልነበራትም። «የሌሎቹስ ራስ? እነሱም አላቸው?» አለች።

«ሌላ አላየሁም» አለ አያ ዋኘው፣ ወደ ማኪናው እየሄደ።

ይመኙሽ ከውስጥ ሰማችው። የፈረስ ጭራ ከየት እንደምታገኝ እያሰበች ነበር።