ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት በገና ደርዳሪ

ከመጋረጃው ጀርባ በገና መቃኘት የጀመረው ሰው አንዱን አውታር ነካ አደረገና ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከዳኞቹ አንዱ ቀና ብሎ መጋረጃውን ተመለከተ። ሀሴት ግን አዳራሹ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ደርቃ ቀረች።

ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አሰላ ውስጥ፣ የበገና አስተማሪዋ እትዬ ተናኘወርቅ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሰማው ያደገችው ዝምታ ነው። «አውታሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላውን አትንኪ» ይሏት ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ሲቃኝ ሰምታ አታውቅም።

«እሳቸው ያስተማሩት ሌላ ትልቅ ሰው አለ እንዴ?» አለችው ኖህን በሹክሹክታ። ኖህ ክራር ይመታል፤ ከአሰላ ድረስ አብሯት የመጣው ሊያበረታታት ነው። ትከሻውን ሰበቀ።

አዳራሹ አዲስ አበባ ውስጥ «ነባር» የሚባል ቡድን የሚለማመድበት ነው። ቡድኑ አምስት አባላት አሉት፤ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ። የቆዩ ዜማዎችን ፈልጎ አጥንቶ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ጥቂት ሰው በሚይዙ ቤቶች ያቀርባል። ውጭ አገርም ይጋበዛል። የቡድኑ በገና ደርዳሪ ታመው ሥራ ስላቆሙ ምትክ ተፈለገ። ዳኞቹ ተወዳዳሪውን ሳያዩ እንዲፈርዱ መጋረጃ ተዘረጋ፤ በስም ፋንታ ቁጥር ተሰጠ። ለመጨረሻው ዙር የቀሩት ሦስት ናቸው። ሀሴት ሁለተኛ ሆና ተጫውታ ከጨረሰች በኋላ ኋላ ተቀምጣ እንድትሰማ ፈቀዱላት።

አሁን ሦስተኛው ተራ ነው።

ቅኝቱ አለቀና ድርደራው ጀመረ። የአውታሮቹ ንዝረት ቀስ እያለ ወለሉን ይዞ መጥቶ እግሯ ሥር የደረሰ መሰላት። ከዚያ ድምፅ ተጨመረበት፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር የሚል የሴት ድምፅ።

ኖህ የያዘው የውሃ ጠርሙስ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

«ሀሴት» አለ፤ «እትዬ ናቸው።»

«አይደሉም። በቆጂ ናቸው፤ ሰርግ ላይ።»

ይህን ያለችው ራሷም ሳታምነው ነው። እትዬ ተናኘወርቅ ለፈተናው አብረዋት እንዲመጡ ስትለምናቸው የእህታቸው ልጅ ሰርግ በቆጂ እንዳለባቸው ነግረዋት ነበር። በዚያው ሳምንት እጇን ይዘው «አትፍሪ፣ ቦታው ያንቺ ነው» ብለዋታል።

ዳኞቹ ብዙ አልቆዩም። አስተባባሪዋ ወረቀት ሳትይዝ ወጣችና የተመረጠው ሦስተኛው ቁጥር መሆኑን፣ ተጠባባቂው ደግሞ ሁለተኛው መሆኑን ተናገረች። መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ተናኘወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለትምህርት የሚለብሷትን ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ በገናውን እንዳቀፉ ተቀምጠዋል። ጭብጨባው ሲጀምር ያጨበጨቡት ለሌላ ሰው ይመስል ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ሀሴት ላይ አረፈ።

ሀሴት ተነሥታ ወደ መውጫው ሄደች።

ደረጃው ላይ ተገናኙ። ኖህ ነገሩ ስለጨነቀው የሀሴትን በገና ተሸክሞ ወደ በሩ ቀደም አለ።

«ሰርጉስ?» አለች ሀሴት።

«ሰርግ የለም። ዋሸሁሽ።»

«ቦታው ያንቺ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሻለሁ። ያንቺም ሊሆን ይችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን? እኔ እኮ የርስዎ ልጅ ነኝ! እርስዎ ያስተማሩኝ!»

እትዬ ተናኘወርቅ የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረጉ። ሀሴት ሳትሰናበታቸው ወረደች።

ወደ አሰላ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አልተነጋገሩም። ሀሴት የምታስበው ያለፉትን ዓመታት ነበር። መጀመሪያ ብዙ ወራት መቃኘት ብቻ ነው የተማረችው፤ ጣቶቿ አውታር እንዲደረድሩ የተፈቀደላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራ አጥታ ተመለሰች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። አሰላ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ እትዬ ቅዳሜን አልዘለሉባትም። ታዲያ ሲያስተምሯት የነበረው ምን ነበር? ሊያሸንፏት ነው?

ኢተያን ሲያልፉ ኖህ ስንዴ የታጨደበትን ሜዳ እያየ «ግን እንዴት ደረደሩት!» አለ። ሀሴት ዞር ብላ አየችው። እስከ አሰላ መናኸሪያ ድረስ ሁለተኛ አልተናገረም።

እናቷ ቦጋለች አሰላ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ሰምታ ለረጅም ጊዜ አላመነችም። «ቲቸር ተናኘወርቅ? የኛዋ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች። ያቀረበችው ምግብ ሳይነካ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ግን ልጇን ማጽናናት ያዘች።

«ተጠባባቂ ነሽ አይደል? እሳቸው ከተዉት ያንቺ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸውን ይዘው ቁጭ ማለት ሲችሉ ምን ያደርግላቸዋል? ተናደውም ይሁን ተሳስተው ነው። ይተዉልሻል፤ ታያለሽ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ሀሴት ማን እንደሆነ አውቃለች። እናቷ በዓይኗ «አላልኩሽም?» አለቻት።

እትዬ ተናኘወርቅ ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም።

«ልተውልሽ አልመጣሁም» አሉ።

ቦጋለች የያዘችውን ስኳር ዕቃ እንደያዘች ቀረች።

«እናትሽ እንዲያ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «ከተማው ሁሉ እንዲያ ይጠብቃል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ሰው ሁሉ ‹ለልጅቷ ትተዪላታለሽ አይደል?› ይለኛል። አልተውም። ይኼን ከራሴ አፍ እንድትሰሚው ነው የመጣሁት።»

«ቢያንስ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ሀሴት።

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር። ለእኔ ብለሽ ከፈተናው ትወጪ ነበር። ታዲያ ያኔ ያገኘሁት ምኑ የእኔ ይሆናል?» የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አደረጉ። «በአንቺ ዕድሜ አንድ የኪነት ቡድን መርጦኝ ነበር። አባቴ የመንግሥት ሥራ ይሻላታል አሉ፤ ጂኦግራፊ እንዳስተምር ጢቾ ተመደብኩ። ከዚያ እዚህ። ‹ተማሪዎችሽ እንዴት ናቸው?› ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። ‹አንቺስ መድረክ ላይ መውጣት ትፈልጊያለሽ?› ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። አንቺም ብትሆኚ፣ ልጄ።»

እውነት ነበር። እኚህ ሴትዮ ከቅዳሜ ትምህርት ውጭ ምን እንደሚመኙ ሀሴት አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ይህን ማወቋ ከፈተናው ውጤት ባላነሰ አስደነገጣት። ንዴቷ ግን አልበረደም።

እትዬ ሊወጡ ሲነሡ በሩ ላይ ቆመው «የቅዳሜ ልጆቹን፣ ትንንሾቹን ተማሪዎቼን...» ብለው ጀመሩ።

«አላስተምርም» አለች ሀሴት።

«እሺ» አሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለወራት በገናዋን አልነካችም። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ሲለምኗት ሥራ አለብኝ አለች። ትንንሾቹን ኖህ ክራር እያስተማረ አቆያቸው። ክረምቱ ሲገባ ግን በብርዱ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ አንድ ቀን ሳታስበው መቃኘት ጀመረች። ኖህም ጀዋር የሚባል የበቆጂ ልጅ ይዞ መጣ፤ ዋሽንት የሚነፋ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። ሦስቱ በሳምንት ሁለቴ እየተገናኙ መለማመድ ያዙ። አሰላ ያለ አንድ ሆቴልም ሰምቶ ትንሿን አዳራሹን ፈቀደላቸው።

በመስከረም መጨረሻ «ነባር» አዲስ አበባ ላይ አዲሱን ዝግጅት ሲያቀርብ ሀሴት ማንም ሳይጠራት ሄደች።

እትዬ ተናኘወርቅ በአራቱ ወጣቶች መካከል ሲቀመጡ ትንሽ መሰሏት። አሰላ በሳሎናቸው ትልቅ ነበሩ፤ እዚህ ግን ማሲንቆው እስኪገባ ይጠብቃሉ፣ የከበሮ መቺውን እጅ ያያሉ፣ አንዳንዴም ግራ ይጋባሉ። የብቻቸው ተራ ሲደርስ ግን አዳራሹ እስትንፋሱን ዋጠ። ሀሴት ያንን ዝምታ እንደገና ሰማችው። በዚህ ጊዜ አላስደነገጣትም፤ አስለቀሳት እንጂ።

ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ጠበቀቻቸው። እትዬ ሲያዩዋት በገናቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«ይኼ ማሲንቆ መቺ ይሮጣል» አሉ እትዬ። «ብነግረውም አይሰማኝም። አብሮ መጫወት እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«ሁለተኛው ዜማ ላይ የሮጠው እሱ አይደለም» አለች ሀሴት። «እርስዎ ነዎት። ሳይጨርስ ገቡበት።»

እትዬ ተናኘወርቅ አፍጥጠው አዩዋት። በዚያ ሁሉ የቅዳሜ ዓመት ይህች ልጅ አንድም ጊዜ ተሳሳቱ ብላቸው አታውቅም።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እስቲ ነይ ግቢ» አሉ በሩን እየከፈቱ፤ «የቱ ጋ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ።»