ለእትዬ ያልተነገራት መጨረሻ

መነጽር ሠሪው ንባብ የለመደው ከታላቅ እህቱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እትዬ ደግሞ ነርስነት የምትማር ኮረዳ። ከሆስፒታል ልምምድ ስትመለስ ያበጠ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ታነብለታለች። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል መጽሐፉን ከደን አድርጋ «እሺ ማሙሽ፣ ማን ይመስልሃል?» ትለዋለች።

ሁለቱም ሸበቱ፣ ልማዱ ግን አልቀረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ አራት ሆነው ይሰበሰባሉ፤ እሱ፣ እትዬ፣ ጎረቤቱ ፋርማሲስቷና ጡረተኛው ዳኛ። ስለ አንድ አንካሳ መርማሪ የሚተርክ አሥራ ሁለት ቅጽ ያለው የድሮ ተከታታይ ልብ ወለድ እየተቀባበሉ ያነባሉ። ቀድሞ የጨረሰ አፉን ይዘጋል፤ ሕጋቸው ይኸው ነው። ዳኛው ገዳዩ ማን እንደሆነ አንድም ቀን በትክክል ገምቶ አያውቅም።

«ይኼ ሰውዬ ስንቱን ንጹሕ ሰው አስሮ ይሆን!» ትላለች እትዬ፤ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ራሱ ዳኛው ነው።

እትዬ አሥራ አንደኛውን ቅጽ እንደጀመረች ታመመች። ጉበቷ ነበር። ሐኪሙ ወንድሟን ኮሪደር ላይ አቁሞ «ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ነው» አለው። መነጽር ሠሪው ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ክፍሉ ገባ።

«ምን አለህ?» አለችው።

«እየተሻላት ነው አለኝ።»

ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ያስታመመች ሴት ናት። አየት አደረገችው።

ከዚያ ወዲያ እጇ መጽሐፍ መያዝ ስላቃተው እሱ ያነብላት ጀመር፤ ግን ሁለት ገጽ ሳይሞላ ያሸልባታል። አንድ ረፋድ ላይ እጁን ያዘችው።

«ማሙሽ፣ አንተ ጨርሰኸዋል አይደል? ገዳዩ ማነው? ንገረኝ።»

«እንዴ፣ እትዬ! ሕጉስ? ተሽሎሽ ራስሽ ትደርሽበታለሽ።»

«እኔ አልደርስበትም፤ ታውቃለህ እኮ።»

«ተይ እንዲህ አትበይ! ውሃ ላምጣልሽ» ብሎ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ወጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። ሲመለስ ተኝታለች። በማግስቱ አንደበቷ ተዘጋ። ያን ጊዜ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ የገዳዩን ስም፣ ለምን እንደገደለ፣ መርማሪው እንዴት እንደደረሰበት አንድም ሳያስቀር ነገራት። ትስማው አትስማው እግዜር ይወቅ። ሐሙስ ቀን አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ ባለው ቅዳሜ ዳኛው ብቻውን ወደ ሱቁ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። «የአሥራ አንደኛውን ቅጽ ገዳይ ገና እንደታመመች ነግሬያታለሁ። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ለመነችኝ፣ ነገርኳት።»

መነጽር ሠሪው የሚሞርደውን ሌንስ አስቀመጠ። «ታዲያ እኔን ለምን ጠየቀችኝ?»

«ወንድሜንም እጠይቀዋለሁ ስትለኝ፣ እኔም ለምን ብያት ነበር። ‹ወንድሜ ስለ ሞቴ እንዳነሳ አይፈቅድልኝም። የመጽሐፉን መጨረሻ ከነገረኝ እንደምሞት ተቀበለ ማለት ነው፤ ያኔ እኔም የምነግረው አለኝ› አለችኝ።»

«እሷ ምን ልትነግረኝ ነበር?»

«አልጠየቅኳትም። የእናንተ ጉዳይ ነው ብዬ።»

መነጽር ሠሪው ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ቁም ሣጥኗን፣ የሥራ ቦርሳዋን፣ የመጽሐፎቿን ገጽ ሳይቀር አንድ በአንድ ገለጠ። ያገኘው የተጣጠፈ የነርስ ጋዋን፣ የመድኃኒት ወረቀትና እሱ በልጅነቱ ጥርሱ ወልቆ የተነሳው ፎቶ ነው። ደብዳቤ የለም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስሟን ጮክ ብሎ ጠራ።

በሳምንቱ ዳኛውና ፋርማሲስቷ ሲመጡ ሥራው ላይ አገኙት።

«ቤቷ ውስጥ የተወችልህ ነገር አገኘህ?» አለ ዳኛው ቀስ ብሎ።

«ምንም የለም።»

ፋርማሲስቷ ትከሻውን ያዝ አደረገችው። «ምናልባት ትንሽ ነገር ይሆናል፣ ወንድሜ። አደራ ቢጤ።»

«ትንሽም ብትሆን» አለ መነጽር ሠሪው፣ «እሰማት ነበር።»