ሁለት ሚሊሜትር ቆዳ

ሚስቴ ዋጋዬ በአርባ ስምንት ዓመቷ የበረዶ ሆኪ ጀመረች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የምትሠራው እዚህ ኖርዌይ አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ እዚያ አብራት የምትሠራ ኖርዌጂያዊት ጓደኛዋ አንድ ማክሰኞ ጎትታ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር ወዳለ የበረዶ መጫወቻ አዳራሽ ወሰደቻት። ጀማሪ እናቶች የሚጫወቱበት ቡድን አለ አሉ። ሄደች፣ ዐሥር ጊዜ ወደቀች፣ እየሳቀች ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ሚስት የለኝም።

ተቆጣሁ። ለምን አልቆጣ? ከሥራ ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ "ዛሬ ደግሞ አንዷ አሮጊት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ" ነው። ዳሌው የተሰበረ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ የነገረችኝ እሷው ናት። አሁን ደግሞ በገዛ ፈቃዷ እግሯ ሥር ብረት አስራ በረዶ ላይ ልትሮጥ! "አንቺ ሴት፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ብላት፣ "ናይ!" አለችኝ። ዋጋዬ እምቢታዋን በኖርዌይኛ ካደረገችው ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ።

እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ። ሜትሮ ጣቢያው አጠገብ ጫማ የምጠግንባት፣ ቁልፍ የምቀርጽባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ጥቅምት ላይ የበረዶ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች።

"ጥሩነህ፣ ፊሊፕ ምን አለኝ መሰለህ" አለች። ፊሊፕ አሠልጣኛቸው ነው፣ ገና ለጋ ልጅ። "ክብደትሽ ተረከዝሽ ላይ እየቀረ ነው ስትነሺ የምትዘገዪው አለኝ። ተረከዙ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ቢልልሽ ወደ ፊት ያጋድልሻል፣ ትፈጥኛለሽ አለ። ከሶሉና ብረቱን ከያዘው ፕላስቲክ መሀል አንድ ነገር ማስገባት ነው።"

ለእኔ ነው የምታስረዳው? ታኮ ስሰቅልና ሳወርድ ሠላሳ ዓመቴ!

"ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ ያንተ እጅ ይሻለኛል" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ብረቱን ከሶሉ ጋር የያዙትን ምስማሮች፣ ሪቬቶቹን፣ አወጣሁ። ከጠንካራ የሶል ቆዳ ቆረጥኩና ሁለት ሚሊሜትር እስኪሆን ሞረድኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቆዳውን ተረከዙ ሥር ሳይሆን ጣቶቹ ሥር አስገብቼ መልሼ መታሁት። ፊቱ ከፍ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው አይሮጥም፤ ያልሮጠ ደግሞ ክፉኛ አይወድቅም። እንግዲህ የእኔ ብልጠት ይህ ነበር። ማታ "ተሠራ?" ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተሠራ" አልኳት።

ሁለት ወር አለፈ። ዋጋዬ እየዘገየች ሄደች። ማክሰኞ ማታ ሳቅ ቀረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ይሰለቻትና ትተወዋለች አልኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ አንድ ቀን እያነከሰች ገባች። ወደ ኋላ ተንሸራታ ወድቃ ዳሌዋ ላይ ሰሐን የሚያህል ቦታ በልዞባታል። በዚያው በፈራሁት ዳሌ! ቅባት አምጥቼ እቀባት ጀመር።

"ቁስሉ አይደለም የሚያመኝ" አለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። "እግሬ ከዳኝ ጥሩነህ። ከእኔ በኋላ የጀመሩት ሁሉ ጥለውኝ ይሄዳሉ። አረጀሁ። ቅዳሜ ከላምበርትሴተር ሰፈር ሴቶች ጋር ግጥሚያ አለ፣ እሱን ተጫውቼ እተወዋለሁ።"

አንጀቴን በላችው። ዋጋዬ እኮ በሥራ ብዛት፣ በብርድ፣ በስደት ደከመኝ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። "አረጀሁ" የሚለውን ቃል አፏ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ብረቱን ልሞርድልሽ ብዬ ወሰድኩ። ቆዳውን ከፊት ነቅዬ ተረከዙ ሥር አስገባሁና ሪቬቱን አጥብቄ መታሁ። አዳራሹ ውስጥ ተንበርክኬ ማሰሪያዋን አሰርኩላት። ልንገራት አልኩ፤ ግን «በርቺ» ብቻ ብያት ተነሳሁ።

ገባች። ገና ስትነሳ በአፍንጫዋ ተደፋች! ለካ ሰውነቷ የእኔን ተንኮል ለምዶታል። በስመ አብ ብዬ ብድግ ስል ተነሳች። ሁለተኛ ተራዋ ደርሶ ስትገባ ተንገዳገደች። በሦስተኛው ተራዋ ግን ፓክ የሚሏት ጥቁር ጎማ መሀል ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች፤ ዋጋዬና ከተጋጣሚዎቹ አንዲት ረጅም ወጣት እኩል ተነሱ። ጉልበቷ ታጠፈ፣ ደረቷ ወደ ፊት አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጥላት ሄደች! እሰይ! አዳራሹ ውስጥ በአማርኛ የሚጮኽ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እረፍት ሲሆን እኔ ወደቆምኩበት አጥር መጣች። ፊቷ በላብ ወዝቷል። "አየህ? እግሬ ተመለሰልኝ! ምን አደረግህበት፣ እጅህ ይባረክ!"

ምርቃቷን መሸከም አልቻልኩም። "እግርሽ የትም አልሄደም" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ከፊት ያስገባሁትን፣ ሁለት ወር ዝም ያልኩትን፣ ዛሬ ጠዋት ያዞርኩትን።

ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። "አላረጀሁም ማለት ነው?"

"አላረጀሽም።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ጓንት ደረቴን መታችኝ፤ ደግሞ ያማል። "ሁለት ወር ሙሉ! ራሴን ስረግም እያየህ? ከፈራህ ፈራሁ አትልም? ሃያ ሁለት ዓመት ቁጣህን ብቻ ነው የማውቀው!"

ፊሽካ ተነፋ፣ ፊሊፕ ጠራት፤ እሷ ግን አልሄደችም፣ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ፈርቻለሁ" አልኳት።

"አሁንም?"

"አሁንም። አንቺን ካጣሁ ምን እሆናለሁ?"

ሄልሜቷን ግንባሬ ላይ አስደገፈችው። "እሺ" አለች ቀስ ብላ፤ "እንግዲያው እየፈራህ እየኝ።"

ዞራ ሄደች። እኔም አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ አየኋት።