የፊት ጥርስና ሳክስፎን

ለቀስተኞቹ ለከበሮ መቺው ቦታ ሲለቁለት ጥርስ ሠሪዋ ቀና ብላም አላየችው። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሰው ሲገባ ሲወጣ ትሰማለች እንጂ ልብ ብላ የምታየው የለም። ይህን የባሏን የባንድ ጓደኛ «ዝምታ» ይሉታል፤ መድረክ ላይ ጣሪያ የሚነቅል፣ ሲወርድ ግን ምላሱን የዋጠ የሚመስል ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከጀርባቸው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ በዚያ ጩኸት ልቡን ጨረሰው ስትል፣ ሌላዋ ቀስ በይ ትሰማሻለች አለቻትና ቡናዋን ፉት አለች።

ሟቹ ፓንክ ጃዝ በሚባለው ጩኸታም ሙዚቃ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። እናቱ ሙዚቃውን «ቆርቆሮ ሲጎተት» ይሉት ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ይስቃል። አንድ ጊዜ እየዘለለ ሲጫወት ከመድረክ ወደቀና የላይኛው የፊት ጥርሱ ወለቀ። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት የሚስቱ ሙያ ነው። ለሌላ ሰው በአንድ ቀን የምትጨርሰውን ለእሱ ሳምንት ፈጀችበት። መስኮት ሥር አስቁማ ቀለሙን ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር አመሳሰለች፤ ጠርዙን በድዱ ልክ ሞረደች፤ ሲያጠልቀው የትኛው የእሷ ሥራ እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። እሱ ግን አልበሙን መቅዳት ሲጀምሩ ጥርሱን እያወለቀ ኪሱ ይከተው ጀመር። ለምን ስትለው ይስቃል። ሥራዬን ናቀው ብላ አኮረፈች። ስቱዲዮው ድርሽ ሳትል፣ ከአልበሙ አንድም ሙዚቃ ሳትሰማለት ልቡ ድንገት ከዳው።

ዝምታ ጉሮሮውን ጠረገ። የአልበሙ አሳታሚ፣ በመጨረሻው ሙዚቃ ላይ የሟቹ ትንፋሽ እየሾለከ ስለሚያፏጭ በሌላ ሳክስፎን ተጫዋች እንደገና ይቀዳ ማለቱን፣ የባንዱ ልጆች ደግሞ እሷን ሳይጠይቁ እሺ ለማለት አፋቸው እንዳልታዘዘላቸው ነገራት።

«ጥርሱን ቢያደርግ ኖሮ አያፏጭም ነበር» አለች።

«አዎ፣ እህቴ። መጀመሪያ አድርጎት ቀድተን ነበር። እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወጣ። አዳምጦ አዳምጦ፣ ‹ሚስቴ የሠራችው ጥርስ እንከን አይወጣለትም፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እንከኑን ነው› አለና አወለቀው።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሲያልቅ ስቱዲዮ ጠርቶ ሁለቱንም ሊያሰማሽ ነበር። ያኔ ኩርፊያዋ ይለቃታል ይል ነበር።»

ስልኩን ከነማዳመጫው ዘረጋላት። አንዱን ጆሮዋ ውስጥ አደረገች። ከበሮው ተንጋጋ፤ ሳክስፎኑ ተከተለው። ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል፤ በጩኸቱ መሃል ቀጭን ፉጨት ያመልጣል። ጠዋት ጠዋት፣ ጥርሱን ሳያደርግ ስሟን ሲጠራ በዚያ ክፍተት የሚሾልከው ትንፋሽ ራሱ ነው።

እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ምንም እንዳትነኩ» አለችው ዝግ ብላ። «እንዳለ ይውጣ።»

ዝምታ እሺ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አማቷ ከወዲያ ጎኗ ምን እየሰማሽ ነው ብለው ጠየቋት። ሌላኛውን ማዳመጫ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ የአሮጊቷን ሻሽ ቀስ ብላ ገለጥ አድርጋ ጆሯቸው ውስጥ ከተተችላቸውና ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ጀመረችው።